የሥሩን ጓል ሳንፈታ ማሰሮ አንለውጥ፦ በማሰሮ የሚያድግ ቁጥቋጦን ስለማዛወር የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ! የዕለት ሥራችሁን አጠናቃችሁ፣ ስለ አንድ ማሰሮ አፈርና ስለ አንድ ቁጥቋጦ ሥር ለመስማት በመሰብሰባችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በፊቴ ባለው ጠረጴዛ ላይ የምታዩት ተክል ጋርዴኒያ ነው። በዚህ ማሰሮ ውስጥ ሦስት ዓመት ሞልቶታል። ትናንት ማታ ውኃ በደንብ አጠጥቼዋለሁ፤ ለምን ዛሬ ጠዋት ሳይሆን ትናንት እንዳጠጣሁት በኋላ እነግራችኋለሁ። ንግግሬን ስጨርስ አብረን ከማሰሮው እናወጣዋለን። እስከዚያው ቅጠሉን ልብ ብላችሁ ተመልከቱልኝ። ቅጠሉ አሁን የሚለውንና ሥሩ በኋላ የሚለውን እናስተያያለን።

ዛሬ የማነሣው ሦስት ነጥብ ነው። የመጀመሪያው፣ በማሰሮ ውስጥ ባለው ሥርና አፈር ላይ ዓመታት ሲያልፉ ምን እንደሚደርስ ነው። ሁለተኛው፣ ሥሩን እንዴት እንደምንፈታና እንደምንቆርጥ ነው። ሦስተኛው አዲሱን ማሰሮ፣ አፈሩንና ከዝውውሩ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ይመለከታል። ረጅሙን ጊዜ የምሰጠው ለሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም አብዛኞቻችን የምንፈራው እርሱን ነው፤ እኔ እንዳየሁት ብዙ ተክል የሚሞተውም በዚሁ ፍርሃት ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ቤት ተነሥቼ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት የምወደው አንድ ጋርዴኒያ ነበረኝ። በየሁለት ዓመቱ ማሰሮ እለውጥለት ነበር። አንድ የተከበሩ አትክልተኛ «ሥሩን አደራ እንዳትነካው!» ብለው ስላስጠነቀቁኝ፣ ከማሰሮው ያወጣሁትን ጓል፣ ማለትም ሥሩ የያዘውን አፈር ከነሥሩ፣ እንዳለ ሰፋ ባለ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጬ በዙሪያው አዲስ አፈር እሞላለሁ። ተክሉ ጥቂት ወራት ያምርበታል፤ ከዚያ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ ይሆናል። ውኃ ጨመርኩ፤ አልዳነም። ማዳበሪያ ጨመርኩ፤ ባሰበት። ሌላ ሰፊ ማሰሮ አመጣሁ፤ ጥቂት ሰንብቶ ደረቀ። የሞተ ዕለት ነቅዬ ሳወጣው ዳር ዳሩ ላይ ያለው አዲስ አፈር ተራግፎ ወደቀ፤ ሥር አልገባበትም ነበር። መሃሉ ላይ የቀረው ጓል የመጀመሪያዋን ትንሿን ማሰሮ ቅርጽ እንደያዘ ነበር። የታችኛው ጥግ እንኳ አልጠፋም። ሥሮቹ እንደ ገመድ ተጠምጥመው እንጨት ሆነዋል፤ አንዱ ደግሞ የግንዱን አንገት ዞሮ አንቆታል። የመጀመሪያዋን ማሰሮ ከጣልኳት ስድስት ዓመት አልፎ ነበር፤ ተክሉ ግን ከእርሷ አንድም ቀን አልወጣም። ዛሬ በፊታችሁ ያለው ቁጥቋጦ ያ ተክል ከመሞቱ በፊት ቆርጬ ካበቀልኩት ቅርንጫፍ የተገኘ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። መሬት ላይ የተተከለ ቁጥቋጦ ውኃ ሲያጣ ሥሩን ወደ ጥልቅ ይሰዳል፤ ምግብ ሲያንሰው ወደ ጎን ይዘረጋል። በማሰሮ ውስጥ ያለውስ ወዴት ይሄዳል? የሥሩ ጫፍ ወደ ፊት ሲገፋ ከማሰሮው ግድግዳ ጋር ይገናኛል። ግድግዳው ልሙጥ ነውና ሥሩ ይታጠፍና ተከትሎት ይዞራል፤ አንዴ ይዞራል፣ ሁለቴ ይዞራል፣ ሦስቴ ይዞራል። የአንድ ወቅት አበባ ቢሆን ኖሮ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ብዙም ባላስጨነቀን ነበር። ቁጥቋጦ ግን እንጨትማ ተክል ነው፤ ሥሩም ከዓመት ዓመት እየወፈረ እንጨት ይሆናል፤ ተጣምሞ የጠነከረ እንጨት ደግሞ ሰፊ ቦታ ስላገኘ ብቻ ተመልሶ አይቃናም። የእኔ ጋርዴኒያ የደረሰበት ይኸው ነው።

ስለ አፈሩ ደግሞ ብዙ ሰው «ተክሉ አፈሩን በልቶ ጨረሰው» ይለኛል። እስከ አፉ የተሞላው ማሰሮ ከሁለት ዓመት በኋላ በአራት ጣት ጎድሎ ስለሚያገኘው ነው። እውነት ተክል አፈር ይበላል? ይህን ጥያቄ በሚዛን የመረመረ ሰው ነበር። ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት የተባለ የፍላንደርስ ሐኪምና ተመራማሪ 200 ፓውንድ፣ ማለትም 90 ኪሎ ግራም ገደማ፣ የደረቀ አፈር በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አደረገና 5 ፓውንድ የሚመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለበት። ለ5 ዓመታት ከውኃ በቀር ምንም አልሰጠውም። በመጨረሻ ዛፉ 169 ፓውንድ መዘነ፤ አፈሩ ደርቆ ሲመዘን ግን የጎደለው 2 አውንስ ያህል ብቻ ነበር፤ ይህም 60 ግራም እንኳ አይሞላም። ሥራው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1648 ታተመ። እርሱ ዛፉ በሙሉ ከውኃ የተሠራ መስሎት ነበር፤ ዛሬ ግን የዛፉ ደረቅ አካል በአብዛኛው ከአየር ከሚወሰድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚገነባ እናውቃለን። ለእኛ የሚጠቅመን ሚዛኑ ነው። ያን የሚያህል ዛፍ ከአፈሩ የወሰደው እፍኝ የማይሞላ ነገር ነው!

ታዲያ የእኛ ማሰሮ አፈር የት ሄደ? የምንጠቀምበት ድብልቅ በአብዛኛው ብስባሽ፣ የዛፍ ቅርፊትና የኮኮናት ቃጫ ነው፤ እነዚህ ሁሉ ሕይወት ከነበረው ነገር የመጡ ስለሆኑ በአፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን እየበሉ ያፈራርሷቸዋል። አንዱ ክፍል ጋዝ ሆኖ ይወጣል፤ ሌላው እንደ ዱቄት ልሞ ከውኃ ጋር ወደ ታች ይወርዳል። የላመው ደለል በቅንጣቶቹ መካከል የነበረውን ክፍተት ይደፍነዋል። በዚያ ክፍተት ውስጥ ምን ነበር? አየር ነበር። ሥር ይተነፍሳል፤ ኦክስጅን ያጣ ሥር ውኃ መካከል ተቀምጦ ውኃ መውሰድ ያቅተዋል፤ ከዚያም ይበሰብሳል። ስለዚህ ሥሩ ገና ማሰሮውን ባይሞላውም እንኳ ያረጀ አፈር በራሱ ለመለወጥ በቂ ምክንያት ነው። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፤ አፈር ያረጃል፣ አፈር ያረጃል!

ምልክቶቹን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ውኃው ሳይጠጣ በማሰሮው ዳር ወርዶ ከታች ይፈስሳል፤ ወይም በተቃራኒው ከላይ ተኝቶ አልሰርግ ይላል። ጠዋት የጠጣ ተክል ከሰዓት በኋላ ይጠወልጋል። ሥር ከታች በቀዳዳው ብቅ ይላል። አዲሱ ቅጠል ከአምናው ያንሳል። የፕላስቲክ ማሰሮ ከሆነ ጎኑ ያብጣል። ወጣት ቁጥቋጦ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ፣ የጎለመሰ ደግሞ ከሦስት እስከ አምስት ባለው ጊዜ ውስጥ መታየት አለበት ቢባልም፣ እኔ ከቁጥሩ ይልቅ ጓሉን አውጥቶ ማየትን አምናለሁ። አንዳንድ ተክል እጅግ ታጋሽ ነው። የዕፅዋት ሰብሳቢው ፍራንሲስ ማሶን ከደቡብ አፍሪካ ሰብስቦት እ.ኤ.አ. በ1775 ለንደን ኪው የዕፅዋት ማዕከል የደረሰ አንድ ሳይካድ፣ ዘንባባ የሚመስል ተክል፣ ዛሬም በመትከያ ዕቃ ውስጥ ይኖራል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ሌላ መትከያ ተሠርቶለት ተዛውሯል። ሳይካድ ግን አዝጋሚ ነው፤ ጽጌረዳንና ሃይድራንጂያን በእርሱ ትዕግሥት መመዘን አይገባም።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ደረስን። ሥር ይቆረጣል ወይ? አዎን፣ ይቆረጣል! ለምን ይህን ያህል እንፈራለን? ሥርን እንደ ደም ሥር አድርገን ስለምናስበው ይመስለኛል፤ ሲቆረጥ ሕይወቱ የሚፈስስ ይመስለናል። እንዲያውም አሠራሩ ከዚህ ይለያል። ውኃና ማዕድን በብዛት የሚገባው በወፍራሙ ሥር በኩል አይደለም። ከቀጭኑ ሥር ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው ለጋ ክፍል ላይ የሥር ፀጉር የሚባሉ፣ በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ ቀጫጭን ክሮች አሉ፤ ጠጪዎቹ እነርሱ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም የቀናት ወይም የጥቂት ሳምንታት ነው። ተክሉ ያለማቋረጥ አዲስ ለጋ ሥር ካላወጣ አዲስ የሥር ፀጉር አይኖረውም። ወፍራም ሥር ሲቆረጥ ደግሞ ከተቆረጠበት ኋላ ብዙ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ሥሮች ይወጣሉ። እንግዲህ በትክክለኛው ጊዜ የተሰነዘረ መቀስ ተክሉን ያድሰዋል ማለት ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ቦንሳይ፣ ማለትም በትንሽ መትከያ ውስጥ አሳጥረው የሚያሳድጉት ዛፍ፣ ነው። ያማኪ ጥድ በመባል የሚታወቀው የጃፓን ነጭ ጥድ እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ በሰው እጅ ያደገ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ በዚያው ከተማ፣ ቦንሳይ አብቃይ በሆነው የያማኪ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ተረፈ። እ.ኤ.አ. በ1976 ለአሜሪካ ሕዝብ ተበርክቶ አሁን ዋሽንግተን በሚገኘው የቦንሳይ ሙዚየም ይኖራል። አራት መቶ ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ዛፍ ጥልቀት በሌለው መትከያ ውስጥ! ቦንሳይ ይህን ዕድሜ የሚያገኘው ትውልድ ለትውልድ የሚቀባበሉት ሰዎች በየጊዜው እያወጡት፣ ያረጀውን ሥር እየቀነሱ፣ አፈሩን እያደሱ ስለሚመልሱት ነው። ያን የመሰለ ቅርስ የሚጠብቁ ሰዎች መቀስ ካልፈሩ፣ እኛ በረንዳችን ላይ ስላለው ሃይድራንጂያ ስለ ምን እንፈራለን?

አሁን አሠራሩን በቅደም ተከተል ልናገር። በዋዜማው ውኃ አጠጡ። ይህ ሁለት ጥቅም አለው፤ ተክሉ ጠግቦ ያድራል፤ አፈሩም በማግስቱ ጭቃ ሳይሆን፣ ሳይፈርስም፣ ልከኛ እርጥበት ይዞ ይጠብቃችኋል። ጠዋት አጠጥቶ ወዲያው ማውጣት ግን ጓሉን ከባድና ለመፈራረስ የተዘጋጀ ያደርገዋል፤ ቀጫጭኑ ሥር በራሱ አፈር ክብደት ይበጠሳል። በማግስቱ ማሰሮውን በጎኑ አስተኙት፤ ጎኑን በመዳፍ እየመታችሁ አንከባልሉት፤ ካልለቀቀ ረጅም ስለታም ቢላ በግድግዳው ዙሪያ አዙሩ። ከዚያ ማሰሮውን ከተክሉ ጎትቱ፤ ተክሉን ከማሰሮው አትጎትቱ። ግንዱን ይዞ የሚጎትት ሰው ግንድና ሥር የሚገናኙበትን አንገት ይጎዳዋል።

ጓሉ ሲወጣ በቅድሚያ እዩት፤ አሽትቱትም። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለ ወይም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሆኖ በጣት ሲጫኑት ይጠነክራል። የታመመው ይጠቁራል፤ ይለሰልሳል፤ ልጡ ሲጎትቱት እንደ ሽፋን ተንሸራቶ መሃሉ ላይ ያለው ክር ብቻ ይቀራል፤ ሽታውም ደስ አይልም። የበሰበሰውን ሁሉ እስከ ጤነኛው ድረስ ቁረጡ። ከዚያም ግድግዳውን ተከትሎ የዞረውን የሥር ምንጣፍ በስለታም ቢላ ወይም በመጋዝ ከጎንም ከታችም ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ላጡት። ከላይ ግንዱ አጠገብ ያለውን አፈር በጣታችሁ ጠርጋችሁ፣ ግንዱን የሚዞር ሥር ካለ ፈልጋችሁ አውጡት። ይህን አደራ እላለሁ፤ የእኔን ጋርዴኒያ ያነቀው ሥር ከአፈሩ ገጽ በታች ሁለት ጣት ያህል ብቻ ርቆ ነበር፤ አንድም ቀን አፈሩን ጠርጌ ስላላየሁ ስድስት ዓመት ሙሉ በአጠገቤ ሲያንቀው ኖረ። በመጨረሻ የቀረውን ጓል ዙሪያውን በቀጭን እንጨት አበጥሩት፤ የሥሮቹ ጫፍ ወደ ውጭ እንዲያይ አድርጉ። ጤናማ ቁጥቋጦ ከሥሩ እስከ ሲሶ ቢቀነስለት ይችለዋል፤ በሽተኛው ላይ ግን እጃችሁን ያዝ አድርጉ።

ሁሉም ቁጥቋጦ ግን በአንድ ልክ አይሰፈርም። የቡገንቪሊያ ሥር አፈሩን አጥብቆ ስለማይዝ ጓሉ በእጅ ላይ ይፈርሳል፤ ስለዚህ ፕላስቲኩን ቀዶ በዝግታ ማስቀመጥ እንጂ ማበጠር አይገባም። አዛሊያ በተቃራኒው ጥቅጥቅ ያለ የፀጉር ምንጣፍ የመሰለ ሥር አለው፤ እርሱን በጣት ለመፍታት መሞከር ድካም ነው፤ በቢላ መላጥ ይሻላል።

ሥር ስንቆርጥ ቅርንጫፉንም በዚያው ልክ መቁረጥ አለብን ወይ የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ቀድሞ እንዲህ ይመከር ነበር። የእኔ አቋም መጠንቀቅ ነው። የቅርንጫፉ ጫፍና ለጋው ቅጠል ኦክሲን የተባለውን ሆርሞን ወደ ታች ይልካሉ፤ አዲስ ሥር እንዲወጣ ከሚያነሣሡት አንዱ እርሱ ነው፤ ለሥሩ ምግብ የሚያበስለውም ቅጠሉ ነው። ስለዚህ የደረቀውን፣ የተሰበረውንና የተጋጨውን ቅርንጫፍ አንሡ፤ ሥሩን በብዛት ከቀነሳችሁ ደግሞ ከላይም ትንሽ ቀለል አድርጉለት፤ ግን አትመልጡት።

ጊዜውን በአጭሩ ልለፈው። ተክሉ ከዕረፍቱ ሊነቃ ሲል፣ እምቡጡ ሊያብጥ ሲጀምር ከሁሉ ይመረጣል፤ ቀድመው የሚያብቡት እንደ ካሜሊያና አዛሊያ ያሉት አበባቸውን ከጨረሱ በኋላ ይሁን። በጠራራ ፀሐይ፣ በነፋስና በሙሉ አበባ ላይ አታዛውሩ።

ሦስተኛው ነጥብ ማሰሮው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በፍቅር ይሳሳታል። «ሁለት ዓመት እንዳልነካው ከአሁኑ ሰፊ ቤት ልስጠው» ብሎ ትንሽ ቁጥቋጦ በትልቅ በርሜል ውስጥ ይተክላል። በሥር ያልተያዘ አፈር ውኃውን የሚጠጣለት የለም፤ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ አየሩ ይጠፋል፤ ሥሩ ገና ሳይደርስበት ይበሰብሳል። አዲሱ ማሰሮ በአፉ ስፋት ከአሮጌው ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይብለጥ። ተክሉ አሁን ባለው ቁመት እንዲቆይ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ሥሩን ቀንሳችሁ በዚያው ማሰሮ በአዲስ አፈር መመለስ ትችላላችሁ፤ ማሰሮውን ግን አሮጌው ጨውና በሽታ እንዳይወረስ አጥባችሁ አድርቁት።

ጠጠርን በተመለከተ ደግሞ ክርክር እንደሚነሣ አውቃለሁ። ከታች ጠጠር ብናነጥፍ ውኃው ቶሎ ይወርዳል ተብለን አድገናል። ይህን ስፖንጅ ተመልከቱ። በውኃ አርሼ አግድም ይዤዋለሁ፤ አሁን መንጠባጠቡን አቆመ። ሳቆመውስ? አያችሁ፣ እንደገና ፈሰሰ! ስፖንጁ ያው ነው፤ ቁመቱ ብቻ ተለወጠ። በማሰሮም ውስጥ እንዲሁ ነው፤ ድብልቅ አፈር ሁሉ ከታቹ የተወሰነ ከፍታ ያለው ውኃ ይዞ ይቀራል፤ ከፍታውን የሚወስነው የአፈሩ ቅንጣት መጠን ነው። ጠጠር ስታነጥፉ ያ እርጥብ ክፍል ከጠጠሩ በላይ ይወጣል፤ ውኃ ከላመ አፈር ወደ ሰፊው የጠጠር ክፍተት ለመውረድ መጀመሪያ አፈሩ እስኪሞላ ይጠብቃልና። ውጤቱ፣ ለሥሩ የቀረውን ደህና ቦታ በገዛ እጃችን መቀነስ ነው። ጠጠሩን ተዉት! ቀዳዳውን አፈር እንዳይወጣበት በወንፊት ቁራጭ ሸፍኑ፤ ይበቃል። ቀዳዳ የሌለው ማሰሮ ግን የቱንም ያህል ቢያምር ለቁጥቋጦ አይሆንም።

አንድ ሌላ ነገር ስለ ቅርጽ ላንሣ። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ የሆነ ማሰሮ አትምረጡ። እናቴ ለዓመታት የምትወደው እንዲህ ያለ የሸክላ ማሰሮ ነበራት፤ አደስ ተክላበት ነበር። ተክሉ መጠውለግ ሲጀምር ልናወጣው ሞከርን፤ ሥሩ ሆዱን ሞልቶ በአንገቱ አልወጣ አለ። ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረብን። እኔ ጓሉን በመጋዝ ከፍለን ማሰሮውን እናድን ብዬ ስከራከር፣ እናቴ ዝም ብላ መዶሻውን አነሣችና ማሰሮውን መታችው። «የሚያሳዝነው የሚጠማው ነው» አለችኝ። አደሱ እስካሁን አለ። የቬርሳይ ቤተ መንግሥት የብርቱካን ዛፎች የሚኖሩባቸው የእንጨት ሳጥኖች ጎናቸው የሚከፈት ሆኖ የተሠራው ይህን ችግር ለመፍታት ነው፤ አትክልተኛው ዛፉን ሳያወጣ ጎኑን ከፍቶ ሥሩን ያያል፤ አፈሩን ይለውጣል።

ሸክላ ይሻላል ወይስ ፕላስቲክ ለሚለው፣ ሁለቱም ይሆናሉ። ሸክላ በጎኑ ውኃ ስለሚተን ቶሎ ይደርቃል፤ አዲስ ከሆነ ከመትከላችሁ በፊት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ አለበለዚያ እርጥበቱን ከአፈሩ ይመጠዋል። ጥቁር ፕላስቲክ በቀጥታ ፀሐይ ሲመታ በዚያ በኩል ያለው አፈር ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል፤ ይህም ሥር ይጎዳል።

ድብልቁ ቅንጣቱ ሻካራና አየር የሚይዝ ይሁን። የእርሻ አፈር መሬት ላይ ድንቅ ነው፤ በማሰሮ ውስጥ ግን ይጠቀጠቃል። እኔ የዛፍ ቅርፊት፣ የበሰለ ብስባሽና ፐርላይት ወይም ሌላ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍርፋሪ እቀላቅላለሁ። ጋርዴኒያ፣ አዛሊያና ካሜሊያ አሲዳማ አፈር ይሻሉ፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ5 እስከ 6 ባለው መካከል ቢሆን ይስማማቸዋል፤ ኖራ የበዛበት አፈር ላይ ብረት መውሰድ ስለሚያቅታቸው የቅጠሉ ጅማት አረንጓዴ ሆኖ መካከሉ ቢጫ ይሆናል።

ስትተክሉ የግንዱ አንገት ቀድሞ ከነበረበት አይጥለቅ። ማሰሮው አፍ ላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ለውኃ ቦታ ተዉ። አፈሩን በቀጭን እንጨት እየወጋችሁ በሥሮቹ መካከል አስገቡት፤ በቡጢ አትጠቅጥቁት። ከዚያ ውኃው ከታች እስኪወጣ አጠጡ፤ አፈሩ ከጎደለ ሙሉ፤ እንደገና አጠጡ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት የትዕግሥት ናቸው። የሥር ፀጉሩ በአብዛኛው ጠፍቷልና ተክሉ ጥቂት ቀናት ቢጠወልግ አትደንግጡ። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ከነፋስና ከቀጥታ ፀሐይ ከልሉት። ማዳበሪያ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት አትስጡት፤ በተቆረጠ ሥር ላይ የሚፈስስ ጨው ያቃጥላል። ውኃ ስታጠጡ ጣታችሁን በአዲሱ አፈር ላይ ብቻ አትስደዱ፤ ግንዱ አጠገብ ባለው በአሮጌው ጓል ላይም ስደዱ። ሁለቱ አፈሮች ስለሚለያዩ ዳሩ እርጥብ ሆኖ መሃሉ ሊደርቅ ይችላል። አንድ ጓደኛዬ በቅርቡ ያዛወረው ጽጌረዳ በዚህ ምክንያት ሊሞትበት ነበር፤ አፈሩን በየቀኑ በጣቱ ይፈትሽ ነበር፤ ይፈትሽ የነበረው ግን ዳር ዳሩን ነው። ማሰሮውን ትልቅ ባልዲ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አስቀመጥነው፤ ከጓሉ የአየር አረፋ እየወጣ መሃሉ ራሰ፤ ጽጌረዳውም በሳምንቱ ቀና አለ።

በአደባባይ የምናገረው እዚህ ላይ ይበቃል፤ የቀረው በእጅ የሚታይ ነው። ከኋላ ያላችሁ እባካችሁ ወደ ጠረጴዛው ቀረብ በሉ። ቅጠሉን አይታችሁታል፤ አረንጓዴ ነው፣ ያበራል፣ ምንም የጎደለው አይመስልም፤ የዘንድሮዎቹ ግን ከአምናዎቹ ያነሱ መሆናቸውን ልብ ያላችሁ አላችሁ? ማሰሮውን በጎኑ አስተኝቼዋለሁ። አንቺ እኅቴ፣ ማሰሮውን ያዢልኝ፤ ግንዱን ሳይሆን ማሰሮውን ወደ ራስሽ ሳቢው፤ በዝግታ። ለቀቀ። እዩት፤ ሥሩ ከታች ሁለት ዙር ዞሯል። ቢላውን አቀብሉኝ።